ከመቃብሩ ዳር የቀረው ግንድ

ውሃው ለብ ብሎ ቀርቧል። የሼህ ጀማሉዲን ጀናዛ ከጓሮ በኩል በተጋረደው ቦታ፣ ከሳንቃ ላይ ተጋድሟል። አጣቢው ሼህ ጀላል ቢስሚላሂ ብለው ፊቱን ማበስ ጀመሩ። አፉን ሊያጸዱ ከንፈሩን በጣታቸው ገለጥ ሲያደርጉ ግን እጃቸው እዚያው ቀረ። የከንፈሩ ውስጥ በገዛ ጥርሱ ተበጥቶ ጠቁሯል። ከፊት ጥርሶቹ መካከል ነጭ ክር ተሰክቷል፤ ከአዲስ አቡጀዲ የሚመዘዝ ዓይነት ክር።

ሼህ ጀላል የያዙትን ቅል ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ይህን ጀናዛ ሕግ ሳያየው አላጥበውም» አሉ።

እንዲህ ያለ ነገር በወሎ ቦረና ምድር ተሰምቶ አያውቅም። የታመመ ሽማግሌ ሲሞት ይታጠባል፣ ይከፈናል፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ይቀበራል፤ ወጉ ይኸው ነው። የሟቹ ልጅ አብዱልጀሊል መጀመሪያ ለመናቸው፣ ቀጥሎ ተቆጣቸው፣ በመጨረሻም እግራቸው ላይ ወደቀ። ሼህ ጀላል ግን በተረፈው ውሃ እጃቸውን ታጥበው ከደጅ ተቀመጡ። ከሟቹ ጋር ከልጅነት ጀምረው ቁርኣን አብረው የቀሩ፣ አብረው የተማሩ ናቸው። እንባቸው በጺማቸው ይወርዳል፤ ከቃላቸው ግን አልተነቀነቁም። መልእክተኛ ወደ መካነ ሰላም ወረደ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር፣ ጤፍ የሚታጨድበት ወር። ከከተማው ፖሊስ ጣቢያ በበቅሎ የወጣው መርማሪ መቶ አለቃ አባተ ይባላል። የወግዲ ሰው ነው፤ ወፍራም፣ ዝግ ያለ፣ ሰው ሲያናግር ቆቡን አውልቆ ከሰውየው ዝቅ ብሎ የሚቀመጥ። ጥያቄውን የረሳ ይመስላል፤ ያኔ ሰውየው ራሱ ዝምታውን ሊሞላ ሲል ይናገራል።

ጀናዛውን አየ። ክሩን በመሀረብ ቋጠረ። ለከተማው ክሊኒክ ድሬሰር ጀናዛውን መጥቶ እንዲመረምር መልእክት ላከና ወደ ቤት ገባ።

የሟቹ ሚስት ነሲባ ከመደብ ላይ ተቀምጣ ነበር። አታለቅስም። የሼሁ ቤት ጩኸት አይወድም፤ ሼሁ በሕይወት ሳሉ ድምፅ አውጥቶ ማልቀስን ይከለክሉ ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ ልጇ ኑርጃን ተኝታለች፤ ወሯ ገብቷል፣ ሆዷ ከአፏ ደርሷል። ከዚህ በፊት ያረገዘቻቸው ሁሉ መሬት ሳይረግጡ አፈር የገቡባት ናት።

አባተ «አላህ ያጽናዎት እትዬ ነሲባ» አላት።

«አሚን» አለችው። ቀጥላም «መቃብሩ እንደተከፈተ ነው?» ብላ ጠየቀችው።

አባተ ቀብሩ ስለዘገየባት መሰለውና ጀናዛውን ቶሎ እንደሚለቅ ቃል ገባላት። ከዚያ የሆነውን ጠየቃት። ባሏ ብዙ ጊዜ ታመው እንደከረሙ፣ ሰሞኑን እህል ውሃ እንደተዉ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ እንዳረፉ ነገረችው። እሷ በዚያን ሰዓት ከኑርጃን ዘንድ ከመጋረጃው ወዲያ ነበርኩ አለች። አብዱልጀሊልም እንዲሁ መሰከረ፤ እሱ ገበያ ነበር፤ ሲመለስ አባቱ አልፈው ነበር።

«ታዲያ ከአባትህ ጋር ማን ነበር?»

ልጁ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። «ሸኚዋ ናት የነበረችው። ሌላ ሰው አልነበረም።»

አባተ ይህን ስም ባይሰማ በወደደ ነበር።

በዚያ አገር ሸኚዋ አስያን የማያውቅ ቤት የለም። እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ሰው ሊሞትበት ነው ሲባል፣ በቅሎ ጭኖ እሷን ፍለጋ ይወጣል። ሥራዋ ይህ ነበር፤ ሰውን እስከ መጨረሻው ትንፋሽ መሸኘት። የጀመረችው በሙሽርነቷ ነው ይባላል። አማቷ ሁሉ ሰው አጨዳ ወርዶ ብቻዋን ሞተች፤ ሲመለሱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ጥፍሯ በምርጉ ውስጥ ተቀርቅሮ አገኟት። አስያ ያን ጥፍር በእጇ አጠበችው። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው በደረሰችበት ቤት ብቻውን አልሞተም።

ስትገባ መጀመሪያ አልቃሾቹን ታስወጣለች። የታማሚውን ከንፈር በጥጥ ታረጥባለች። ስለ ማሳው፣ ስለ በሬዎቹ፣ ስለ ልጅነቱ ታጫውተዋለች፤ የተቀየመውን ሰው ስም ትጠይቀውና ያንን ሰው አስጠርታ አፉ፣ ይቅር ታባብላቸዋለች። ለእስላሙ ሸሃዳውን በጆሮው ታስታውሰዋለች፤ ለክርስቲያኑ የነፍስ አባቱን ታስጠራለታለች። ትንፋሹ ሲያበቃ የዶሮ ላባ ከአፍንጫው ሥር ትይዛለች። ላባው ካልተንቀሳቀሰ ዓይኑን ትከድንና «ቆፍሩ» ትላለች። እሷ ቆፍሩ ካላለች ማንም ዶማ አያነሳም።

ባለፈው ክረምት የአባተን አባት የሸኘችው እሷ ናት።

መርማሪው ከጓሮው ግንብ ሥር ተቀምጣ አገኛት። ውሃ በጣሳ አስመጥቶ ሰጣት። እጇን ስትዘረጋ ጣሳውን ስታ አየሩን ጨበጠች፤ ኋላ በዳበሳ አገኘችው። አባተ ድካም ነው ብሎ አለፈው።

«እማማ አስያ፣ ከሼሁ ጋር አንቱ ነበሩ?»

«እኔ ነበርኩ።»

«አፋቸው ውስጥ ምን እንደተገኘ ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ማን ገባ? ማን ወጣ?»

አስያ ጣሳውን በሁለት እጇ አቅፋ ያዘችው። በኋላ «ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ። እንዲያ ብለህ ጻፈው» አለችው።

ከጀርባቸው የቆሙት ሰዎች ተንጫጩ። አንዱ ድሮም ነፍስ ታቻኩላለች አለ። ሌላው የእናቴን ፊት የከደነችው በደግነት መስሎኝ ነበር ብሎ እጁን በአፉ ጫነ። በአንድ ቃል የዕድሜ ልክ ስሟ ሲፈርስ አባተ ቆሞ አየ። የሰው ነፍስ ያጠፋ ሰው ፍርዱ ገመድ እንደሆነ ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች። ሊያደርግላት የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እጇን ሳያስር በገዛ በቅሎው ላይ አስቀምጦ ወደ ጣቢያ አወረዳት።

በማግስቱ ጠዋት ብቻውን ወደ መቃብሩ ወጣ። ጉድጓዱ አፉን እንደከፈተ ነው። በአንድ ወገን ለመዝጊያ የተፈለጡ ጠፍጣፋ እንጨቶች ተከምረዋል፤ የሚበቃውን ያህል ናቸው። ከአፈሩ ክምር ጀርባ ግን አንድ የወይራ ግንድ ተጋድሟል። አልተፈለጠም። ከነቅርፊቱ ነው፤ ቁመቱ የሰው ቁመት ያህላል። የተቆረጠበት ገና እርጥብ ነው።

ግንዱን የቆረጠው ንጉሡ የሚባለው ሰው መሆኑን ለማወቅ አልቸገረውም። ንጉሡ የሼሁ ጎረቤት ነው፤ ክርስቲያን ገበሬ፣ የሁለቱንም ወገን መቃብር የሚቆፍር ሰው። ከሼሁ ጋር በመስኖ ውሃ ተጣልተው አንድ ክረምት ሙሉ ሳይነጋገሩ እንደከረሙም አባተ መንገድ ላይ ሰምቷል። ከግንዱ አጠገብ አስጠራው።

«ይህ ግንድ ለምንድን ነው ንጉሡ?»

«ለመዝጊያ።»

«መዝጊያው ተፈልጦ ተከምሯል።»

«ቢያንስ ብዬ ነዋ።»

«ግንዱን ሳትፈልጠው?»

ንጉሡ መጥረቢያውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። ሼሁን ገደልክ ብትለኝ እንኳ ከዚህ በላይ አልናገርም፣ ቃል ሰጥቻለሁ አለ። ከሼሁ ጋርስ የታረቅነው ከትናንት ወዲያ ነው፣ አስያ ጠርታኝ አፉ ተባብለናል፤ ብትፈልግ እሰረኝ ብሎ እጁን ዘረጋ። አባተ አላሰረውም፤ ሰውየው ከፍርሃት ይልቅ ሐፍረት ነበር የሚታይበት።

ከዚያ ከተማ ወረደና ጨርቅ ነጋዴዎቹን ጠየቀ። ከፈኑን የሸጠው ሰውዬ በደንብ ያስታውሳል፤ ሱቁን ገና ሲከፍት ነው አብዱልጀሊል የመጣው፤ ገበያው እንኳ አልሞላም ነበር። አባተ ይህን ሲሰማ ከሱቁ ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሼሁ የሞቱት ከዙህር በኋላ ነው። ልጃቸው ከፈን የገዛው ጠዋት ነው። አባትና ልጅ ደግሞ፣ ልጁ ደሴ ሄጄ ዘመናዊውን ትምህርት፣ አስኳላ እማራለሁ በሚለው ነገር ሲጨቃጨቁ እንደከረሙ ሁሉም ያውቃል።

አብዱልጀሊልን አስጠራውና ክሩን ከመሀረቡ ፈትቶ ከፊቱ አስቀመጠ።

«አባትህ ሳይሞቱ ከፈናቸውን ገዛህ።»

ልጁ ሰው እንዳይሰማ ወደ በሩ አየ። «ሞተው ነበር» አለ።

«ምን አልክ?»

«ወላሂ ሞተው ነበር። ጠዋት። አስያ ዓይናቸውን ከድና ቆፍሩ አለችን። ንጉሡ መቆፈር ጀመረ፣ እኔ ለከፈን ወረድኩ፣ አጣቢም እንዲመጣ ላክሁ። ጨርቁን ይዤ ስገባ አባቴ ዓይናቸውን ገልጠው ውሃ ስጡኝ ይላሉ።»

በሕይወት ላለ ሰው ከፈን ቀዶ፣ መቃብር ቆፍሮ መገኘት በዚያ አገር ለሰባት ትውልድ የሚወራ ነውር ነው። በተለይ በሼህ ቤት። አብዱልጀሊል ከፈኑን እናቱ እጅ ላይ ጥሎ የተላኩትን ሰዎች ሊመልስ ሮጠ። ሳያገኛቸው ሲቀር ተመለሰ፤ ያኔ አባቱ በርግጥ ሞተው ነበር። ለማንም አንናገርም ተባባሉ። ልጁ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አባቱ ያኔ በራሳቸው ትንፋሽ ያለፉ ይመስለው ነበር፤ ክሩን ሲያይ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። ከማን እጅ ላይ እንደጣለው አስታወሰ። አባተ የሚቀጥለውን ጥያቄ አልጠየቀውም፤ ልጅን በእናቱ ላይ ማናገር ከበደው።

ወደ ጣቢያው ተመልሶ ከአስያ ፊት ቁጭ አለ። ውሃ በጣሳ አስመጣና በዝምታ ዘረጋላት። አልተቀበለችም፤ እንደዘረጋ አላየችም።

«ዓይንዎ መቼ ነው የደከመው?» አላት።

ጭጋጉ የጀመራት ካቻምና እንደሆነ፣ ለሰው ብትናገር የሚጠራት እንደማይኖር ፈርታ እንደደበቀችው ቀስ እያለች ነገረችው። የዚያን ቀን ደግሞ ከማሻ መንደር ሌላ ታማሚ አለ ብለው በቅሎ ይዘው ደጅ ቆመው ነበር። ላባው ሲንቀሳቀስ አልታያትም። ቸኮለች።

«መቃብሩን የከፈትኩት በአፌ ነው» አለች። «ጥፋቱ የኔ ነው ያልኩህ ለዚህ ነው። አልዋሸሁህም።»

«ግንዱስ?»

«የተቆፈረ መቃብር ባዶውን ከተተወ ከዚያው ቤት ሰው ይጠራል ይላሉ። እኔ አምናለሁ አላምንም፣ ያ ሌላ ነገር ነው፤ የቤቱ ሰው ካመነ ግን ሌሊት አይተኛም። ስለዚህ የሰው ቁመት ያለው ግንድ ከፍነን እንቀብርበታለን። ብዙ ዘመን እንዲህ ሲደረግ አይቻለሁ። ለንጉሡ ልነግረው ወጣሁ። አስምዬዋለሁ፣ አትፍረድበት። ስመለስ...»

እዚያ ላይ አፏን ገጠመች። ቤት ውስጥ ማንን ትታ እንደወጣች ጠየቃት። ራሷን ነቀነቀች። ለገመድም ይስጡኝ እንጂ ከዚህ በላይ ከአንደበቴ አይወጣም አለች።

አባተ ተነሳ። ከበሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከልጁ ቃል ወዲህ ሊጠይቅ የፈራው ሌላ ነገር ነበር።

«እማማ አስያ፣ አባቴንስ?» አለ ፊቱን ሳያዞር። «ያኔም ዓይንዎ ደክሞ ነበር። አባቴ ሞተው ነው የቀበርናቸው?»

አስያ በዳበሳ መጥታ ክንዱን ያዘችው። መዳፏን ከደረቱ ላይ፣ ከልቡ በላይ አሳረፈችው።

«አብሽር፣ አይዞህ ልጄ። ያን ጊዜ ዓይኔን አላመንኩትም። እንዲህ አድርጌ እጄን ጭኜ፣ ገላው እስኪቀዘቅዝ፣ ጅማቱ እስኪደርቅ ጠበቅሁ። አባትህ ሄዷል። የሼሁ ጊዜ ነው እጄን ያላመንኩት።»

አባተ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ ፊቱን በቆቡ ጠርጎ ወደ በቅሎው ሄደ።

ሼሁ ቤት ሲደርስ ድሬሰሩ ጀናዛውን አይቶ ጨርሷል። ሼሁ በጨርቅ ታፍነው እንደሞቱ አረጋገጠለትና አባተ ጀናዛው እንዲቀበር ፈቀደ። ሼህ ጀላል ያቋረጡትን ትጥበት ከመጀመሪያው ጀመሩት። አባተ ከአጠገባቸው ቆሞ ስለ ባዶው መቃብር ጠየቃቸው፤ የሚባለው እውነት ነው ወይ አላቸው።

«ከኪታብ የለም» አሉት ሼህ ጀላል ውሃውን እያፈሰሱ። «ከሰው ሆድ ግን አለ። ስንት ዓመት አስተምረን አላወጣነውም።»

ወንዶቹ ጀናዛውን ተሸክመው ሲወጡ ሴቶቹ ቤት ቀሩ። ከመጋረጃው ወዲያ ኑርጃን ምጥ ይዟታል። አባተ ቆቡን አውልቆ ከነሲባ መደብ ሥር፣ ከወለሉ ላይ ተቀመጠ። ትናንት የጠየቀችው ጥያቄ ከጆሮው አልወጣም። ባሏ ሳይታጠብ፣ ሳይከፈን ተጋድሞ፣ ሴትዮዋ የጠየቀችው ስለ ጉድጓዱ ነበር።

በሁለቱም በኩል እያዳመጡ ተቀመጡ፤ ከመቃብሩ ኮረብታ የዚክሩ ድምፅ፣ ከመጋረጃው የልጅቷ ማቃሰት። ኋላ የዶማው ድምፅ ቆመና ወንዶቹ ሰለዋት ሲያወርዱ ተሰማ።

«ተዘጋ?» አለች ነሲባ።

«ተዘግቷል እትዬ።»

ነሲባ ዓይኗን ጨፈነች። እንደዚያው እንዳለች ብዙ ቆየች። ከመጋረጃው ወዲያ አዋላጆቹ ተሯሯጡ፣ ማቃሰቱ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ሕፃን አለቀሰ። ጠንካራ ልቅሶ ነው፣ የሚኖር ልጅ ልቅሶ። ሴት ናት አሉ ከውስጥ።

ነሲባ አልሐምዱሊላህ ብላ ነጠላዋን አስተካከለች።

«አሁን ጠይቀኝ» አለችው።

«አልጠይቅዎትም። ይንገሩኝ።»

«ውሃ ለመነኝ። አጠጣሁት። ስሜን ጠራኝ። እሷ ከዚያ ወዲያ ታቃስታለች። እሱ ዓይኑን ገልጦ ያየኛል፤ ከኮረብታው ደግሞ ያ ጉድጓድ አለ። ከፈኑ ከጭኔ ላይ ነበር፣ ተጣጥፎ።» መዳፏን ከጭኗ ላይ ዘረጋች። «አልታገለኝም ልልህ ነበር። ታግሎኛል። እንደዚያ ታሞ እንኳ ጉልበት ነበረው።»

«አስያ ግንድ ልታስቀብር ወጥታ ነበር እኮ። ትንሽ ቢጠብቁ...»

«ግንድ!» አለች ነሲባ። «ያ የመቃብር ጉብታ የኑርጃንን ልጆች ተራ በተራ ሲወስድ እኔ ነኝ ያቀበልኩት። በእንጨት የሚታለል ይመስልሃል?» ፊቷን ወደ መጋረጃው መለሰች። «አስያን ፍታት። ገብታ አይታኛለች። ጨርቁን ከእጄ ቀምታ አጣጥፋ አስቀመጠችው። ምንም አልተናገረችኝም፤ ቁጭ ብላ እግሩን አቀናችለት።»

ከመሄዳቸው በፊት የልጅ ልጇን አሳቀፏት። አባተ ፊቱን አዙሮ ቆመ፤ ቶሎ ይበሉ አላላትም።

የፍርዱን ነገር ደሴ ያውቀዋል። ነሲባ በጭነት መኪና ተሳፍራ ሄደች፤ የዕድሜዋ ነገር ታይቶላት ከገመድ ተረፈች። አስያ ተፈታ ቤቷ ገባች፤ ግን ሥራዋን ተወች። የሚጠሯት አልጠፉም፣ በቅሎ ጭነው ከወግዲም ከማሻም መጥተዋል። ዓይኔ ሄዷል እያለች መለሰቻቸው። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው በዚያ አገር ሸኚ ሳይኖረው ሞተ። ንጉሡ የቆረጠው ግንድ ከመቃብሩ ዳር እንደተጋደመ ቀረ፤ ለማገዶ የሚወስደው ሰው አልተገኘም።

ዓመታት አለፉ፣ ከደሴ ወህኒ ቤት ለመቶ አለቃ አባተ መልእክት ደረሰው። ነሲባ በጠና ታማለች፤ ከአስያ በቀር ማንንም አልፈልግም ብላለች።

አባተ ራሱ ሄዶ ነገራት። አስያ አልሄድም አላለችም፣ እሄዳለሁም አላለችም። ጠዋት ጭነት መኪናው ሊነሳ ሲያጓራ ግን ትንሽ ጥጥ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ከመንገዱ ዳር ቆማ አገኛት። እሷን ከሾፌሩ አጠገብ አስቀምጦ እሱ ከጭነቱ ላይ ወጣ።

ነሲባ ከጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከገለባ ፍራሽ ላይ ነበረች። ከሰውነቷ የቀረው አጥንቷ ነው። አስያ በዳበሳ ፊቷን አገኘችው፤ ጥጡን ውሃ ነክራ ከንፈሯን አረጠበችላት።

«አብሽሪ ነሲባ። መጣሁ።»

«ትሸኚኛለሽ?»

«እሸኝሻለሁ።»

ስለ ልጅ ልጇ አወራቻት። ከጥበቃው ጋር ከበሩ የቆመው አባተ ሁሉንም ሰማ፤ ልጅቷ እግሯ ጸንቶ እንደምትሮጥ፣ ሼህ ጀላል ከአያቷ ከሼሁ ቦታ ላይ አስቀምጠው አሊፍ ማስቆጠር እንደጀመሩላት፣ ስትስቅ የአያቷን አሳሳቅ እንደምትስቅ። ነሲባ ፈገግ ለማለት ሞከረች።

«አስያ፣ አፉ በይኝ።»

«አፉ ብዬሻለሁ። አንቺም አፉ በይኝ፤ መጀመሪያ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ብዬሻለሁ» አለች ነሲባ። ከዚያ ወዲያ የተናገረችው ከአስያ ጋር ሆና ሸሃዳውን ብቻ ነው።

ትንፋሿ ራቀ፣ ራቀ፣ ጠፋ። የጥበቃው ሰው ጎንበስ ብሎ አየ። «እማማ፣ አልፋለች። ቆፋሪዎቹን ልጥራ?» አለ።

አስያ መዳፏን ከነሲባ ደረት ላይ፣ ከልቧ በላይ አሳርፋለች። ላባ አልያዘችም።

«ቆይ ልጄ» አለች። «ማንም ዶማ አያንሳ።»

ከትንሿ መስኮት የገባው ፀሐይ ከወለሉ ተነስቶ ወደ ግድግዳው መውጣት ጀመረ። የጥበቃው ሰው ተቁነጠነጠ፤ ሥራ አለብኝ፣ አለቃዬ ይጠብቀኛል አለ። የአስያ እጅ ከቦታው አልተነሳም። አባተ ቆቡን አውልቆ ከደፉ ላይ ተቀመጠና በሩን በጀርባው ዘጋው።

«ቆይ ተብለሃል» አለው።